ምክንያቱ ያልተነገረ ፍርድ፤ ስለ ሪትሚክ ጂምናስቲክ ዳኝነት

የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት፣ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ከተማ አሪያኬ በተባለው የጂምናስቲክ አዳራሽ ውስጥ፣ ወረርሽኙ ተመልካቹን ሁሉ ከደጅ ስላስቀረው፣ ከሙዚቃውና ከየሀገሩ ልዑካን ጭብጨባ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። በዚህ ጭር ባለ አዳራሽ መካከል የእስራኤልዋ ወይዘሪት ሊኖይ አሽራም ስድስት ሜትር የሚረዝመውን ሪባን ይዛ የመጨረሻ ትርኢትዋን ስታሳይ ሪባኑ ከእጅዋ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። በዚህ ስፖርት ዕቃ መጣል ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ባይሆንም፣ ሕጉን ያልተማረ ተመልካች ያለ አስተርጓሚ ሊያውቀው የሚችለው ጥፋት እርሱ ስለ ሆነ፣ በየሀገሩ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሕዝብ ወርቁም አብሮ የወደቀ መስሎት ነበር። የመጨረሻው ውጤት በሰሌዳው ላይ ሲወጣ ግን የአሽራም ድምር 107.800፣ የሩሲያዋ የዲና አቬሪና ድምር 107.650 ሆኖ ተነበበ። የቤላሩስዋ አሊና ሃርናስኮ በ102.700 ነሐሱን ወሰደች፤ ወርቁም በ0.150 ነጥብ ብልጫ ለአሽራም ሆነ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። የሩሲያ ሴቶች በሲድኒ፣ በአቴና፣ በቤይጂንግ፣ በለንደንና በሪዮ፣ ማለትም ከ2000 እስከ 2016 በተደረጉት አምስት ኦሊምፒኮች (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የነጠላውን ወርቅ ለሌላ ሳያስነኩ ስለ ኖሩ፣ አቬሪናም በ2017፣ በ2018ና በ2019 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ስለ ነበረች፣ በሞስኮ የነበረው ቍጣ የአንድ ቡድን ቍጣ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይ እስኪመስል ድረስ ከፍ አለ። የቡድኑ መሪዎች በቦታው ያቀረቡት አቤቱታ ውድቅ ሆነ፤ የዋና አሠልጣኝዋ የወይዘሮ ኢሪና ቪነር ንግግርም እጅግ መራራ ነበር። በእስራኤል በኩል ደግሞ ከሀገሪቱ ሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት የተገኘችበት ቀን ስለ ነበረ፣ በተድላው መካከል የሒሳቡን ዝርዝር ልመርምር ያለ ሰው ብዙ አልተገኘም።

እኛ ግን ከሁለቱም ወገን ስላልሆንን ሒሳቡን ረጋ ብለን ልንመለከተው እንችላለን። በቀለበት አሽራም 27.550፣ አቬሪና 27.200 አገኙ፤ በኳስ ሁለቱም እኩል 28.300 አገኙ፤ በጥንድ ዱላ አሽራም 28.650፣ አቬሪና 28.150 አገኙ። እንግዲህ ሪባኑ ከመወርወሩ በፊት እስራኤላዊቱ በ0.850 ነጥብ ትመራ ነበር ማለት ነው። በሪባን አቬሪና 24.000 ስታገኝ አሽራም 23.300 ብቻ አገኘች፤ ስለዚህ የዚያች የመውደቅ ቅጽበት ዕዳ ሌላው ጉድለት ተጨምሮበት ከመሪነትዋ 0.700 ነጥብ በልቶባት 0.150 ተረፈላት። «ዕቃ ጥላ እንዴት ታሸንፋለች?» የሚለው ጩኸት፣ ውድድሩ የአራት ዕቃ ድምር መሆኑን የዘነጋ ሰው ጩኸት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ የሚመልሰው የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው። 28.650 የተባለው ነጥብ ራሱ ከምን ከምን ተሰበሰበ? የትኛው ዝላይ ተቈጥሮ የትኛው ተጣለ? ኪነቱ የጐደለው በምን ነበር? እዚህ ላይ ሲደርስ መርማሪ ሁሉ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ለሕዝብ የሚታየው ድምሩ እንጂ ድምሩን የወለደው ዝርዝር አይደለምና። የዚህም ጽሑፍ ነገር በሙሉ ይኸው ነው፤ የዳኞቹ ልብ ቅን ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ ልብን ለሚመረምር አምላክ ትተን፣ ፍርዱ ምክንያቱን ይዞ ይውጣ ብለን ልንጠይቅ እንችላለን።

የሀገራችን አንባቢ ለዚህ ዓይነቱ ክርክር እምብዛም እንግዳ ቢሆን አይፈረድበትም። በዚያው ኦሊምፒክ ከስምንት ቀን በፊት ሰሎሞን ባረጋ አሥር ሺሕ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ ሮጦ ወርቁን ሲወስድ፣ ፈራጁ የመጨረሻው መሥመርና ሰዓቱ ስለ ነበሩ ማንም ማንንም አልጠረጠረም። ፈራጁ የሰው ዐይን በሆነበት ስፖርት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሪትሚክ ጂምናስቲክ ማለት በነጠላው ውድድር አንዲት ልጃገረድ ወርድና ቁመቱ 13 ሜትር በሆነ ምንጣፍ ላይ፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ፣ ቢበዛ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ፣ ሰውነትዋንና ዕቃዋን ከሙዚቃው ጋር አዋሕዳ የምታሳየው ጥበብ ነው። ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት ሥርዓት መሠረት በፊትዋ አሥራ ሁለት ዳኞች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ዝላይዋን፣ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ መቆምዋንና ሽክርክርዋን እየመዘገቡ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ዕቃውን እንዴት እንደምትይዘው፣ እንደምትወረውረውና እንደምትቀበለው ይቈጥራሉ፤ የእነዚህ የአራቱ ሥራ የክብደት ነጥብ ይባላል። አራቱ ኪነቱን፣ ይኸውም የትርኢቱን ጠባይ፣ ከዜማው ጋር መስማማቱንና የአንዱ እንቅስቃሴ ከሌላው ጋር መያያዙን ይመለከታሉ፤ የቀሩት አራት ደግሞ አፈጻጸሙን፣ ማለትም የእግርዋን መዘርጋትና የእጅዋን መጣመም፣ የወደቀውንና የተንቀጠቀጠውን ሁሉ ይከታተላሉ። ኪነቱም አፈጻጸሙም ከአሥር ነጥብ እየተቀነሱ ይወርዳሉ፤ ከአራቱ ዳኞች ከፍተኛውን የሰጠውና ዝቅተኛውን የሰጠው ተትተው የመካከለኞቹ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። የክብደቱ ነጥብ ግን ከ2018 ጀምሮ ጣራ የለውም፤ በቶኪዮ 107፣ በ2024 በፓሪስ ደግሞ የጀርመንዋ ዳርያ ቫርፎሎሜቭ ወርቅ ያገኘችበት 142.850 የሚባል ድምር ሊገኝ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅነሳው በመጽሐፉ ላይ ሲነበብ ግልጥ ይመስላል። ጥቃቅኑ ስሕተት 0.10፣ መካከለኛው 0.30፣ ከባዱ 0.50 ያስቀንሳል። ከምንጣፉ መውጣት 0.30 ነው። ዕቃ ወድቆ ሳይራመዱ ከተነሣ 0.50፣ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ተሄዶ ከተነሣ 0.70፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 1.00 ይቀነሳል፤ በዚያ ቅጽበት ይሠራ የነበረው የክብደት ሥራም ሳይቈጠር ይቀራል። ነገር ግን በአንዱና በሌላው ስሕተት መካከል ያለውን ድንበር የሚወስነው መስፈሪያ ሳይሆን ዐይን ነው። የዘለለችው ልጅ እግሮች በአየር ላይ ሙሉውን 180 ዲግሪ ከፍተዋል ወይስ ጥቂት ቀርቶአቸዋል? በጣቶችዋ ጫፍ ቆማ የተሽከረከረችው ሦስት ጊዜ ነው ወይስ ሦስተኛውን ሳትጨርስ ተረከዝዋ ወርዶአል? ዳኛዋ ለዚህ ሁሉ ያላት ጊዜ ዘጠና ሰከንድ ነው፤ በዘጠናው ሰከንድ ውስጥ ዐይንዋን ከምንጣፉ ሳትነቅል እጅዋ የየሥራውን ምልክት በወረቀት ላይ ይቀርጻል፤ ያ ሳያልቅ ሌላዋ ተወዳዳሪ ትጠራለች። እኔ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች፣ ቅኖች እስከ ሆኑ ድረስ፣ ከመውቀስ ይልቅ ማድነቅ ይቀናኛል።

አቤቱታውስ? ደንቡ አቤት ማለትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም የሚፈቅደው ስለ ራስ ተወዳዳሪ የክብደት ነጥብ ብቻ ነው። በኪነትና በአፈጻጸም ነጥብ ላይ ይግባኝ የለም፤ ስለ ተቀናቃኝ ነጥብ ማንሣትማ ከቶ አይቻልም። እንግዲህ ከፍርዱ ሁሉ ለሰው ልቡና አዝማሚያ ይበልጥ የተጋለጠው ክፍል፣ ይግባኝ የማይባልበት ክፍል ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው።

ይህ ስፖርት ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረትና አብዛኞቹ ወዳጆችዋ በዚያ ጨዋታ ስላልተገኙ ወርቁን የካናዳዋ ሎሪ ፈንግ ወሰደች። ከአራት ዓመት በኋላ በሴኡል ታላላቆቹ ሲገናኙ ግን የዳኝነቱ ጠባብነት ታየ። የሶቪየትዋ ማሪና ሎባች ሊገኝ የሚችለውን ነጥብ ሁሉ፣ 60.000፣ አግኝታ አንደኛ ስትሆን፣ የቡልጋሪያዋ አድሪያና ዱናቭስካ በ59.950 ሁለተኛ፣ አሌክሳንድራ ቲሞሼንኮ በ59.875 ሦስተኛ ሆኑ። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የበለጡት ሦስቱ በአንድ ስምንተኛ ነጥብ ውስጥ ተጨናንቀው ሲገኙ፣ ዳኝነት ልዩነትን መግለጽ አቅቶት የመዓርግ ቅደም ተከተልን ብቻ ይጽፍ ነበር ማለት ይቻላል። ከአንድ ዓመት በፊት በቫርና በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ቡልጋሪያዊቱ ቢያንካ ፓኖቫ በሠራችው ሁሉ አሥር አሥር ማግኘትዋም ለክብርዋ ታላቅ ነገር ሲሆን፣ ለመስፈሪያው ግን የመሙላቱ ምልክት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለወጠ፤ ሰዎቹ ግን ሁልጊዜ ከሕጉ ጋር አልተለወጡም። በ2000 በሳራጎሳ ከተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና በኋላ ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን አንዳንድ ዳኞችን አግዶ ከሲድኒው ኦሊምፒክ አስቀርቶአቸዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው በ2012 የሆነው ነው። ዳኞች በየኦሊምፒኩ ዘመን መጀመሪያ እየተፈተኑ በአራት መዓርግ ይከፈላሉ፤ በዚያ ዓመት በቡካሬስት፣ በሞስኮና በአሊካንቴ የተሰጠው ፈተና ሲመረመር መልሱ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው የተገለበጠ፣ ነጥቡም የተነካካ ሆኖ ተገኘ፤ በአሥሮች የሚቈጠሩ ዳኞችም ተቀጡ። በሌሎች ላይ ሊፈርዱ የተሰበሰቡ ሰዎች በራሳቸው ላይ የተደረገውን ፍርድ አጭበረበሩ፤ ከዚህ የበለጠ ምሬት የሚቀሰቅስ ነገር ለማሰብ ይቸግረኛል።

የቡዳፔስቱ ነገር ደግሞ ገና ትኩስ ነው። በ2024 የጸደይ ወራት በዚያች ከተማ የተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ለፓሪስ ኦሊምፒክ የነጠላ ውድድር የሚያበቃ አንድ ቦታ ነበረው፤ ቦታውን የቆጵሮስ ተወዳዳሪ አገኘች፣ የፖላንድዋ ለጥቂት ቀረች። የጂምናስቲክን ሥነ ምግባር እንዲጠብቅ ከፌዴሬሽኑ ተለይቶ የተቋቋመው አካል ነገሩን ሲመረምር፣ በዚያ ውድድር የበላይ ዳኞች ጉባኤን ትመራ የነበረችው የቆጵሮስዋ ኤቫንጌሊያ ትሪኮሚቲ የሀገርዋ ልጅ እንድትጠቀም በዳኞች ሥራ ጣልቃ ገብታለች ብሎ ወሰነ፤ በ2025ም የአራት ዓመት እገዳ ተፈረደባት። ተወዳዳሪዋ ራስዋ አልተከሰሰችም። ነገር ግን ፓሪስ አልፎአል፤ የተሰጠው ቦታ ተሰጥቶአል፤ ለፖላንድዋ ልጅ የሚመለስላት ነገር የለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በእኛ ሀገር በጥንቱ ችሎት፣ ተከራካሪዎቹ በላ ልበልሃ ተባብለው ከጨረሱ በኋላ በአደባባዩ የተሰየሙት ፈራጆች አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከታናሹ ጀምሮ ወደ ታላቁ ነበር፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ፈርቶ የእርሱን ቃል እንዳይደግም። ቆሞ የሚሰማው ባላንጣም ማን ምን ብሎ እንደ ፈረደበት፣ በምን ምክንያትም እንደ ፈረደበት በጆሮው ሰምቶ ይሄድ ነበር። ያ ችሎት እንከን አልነበረበትም ለማለት አልደፍርም፤ ጉቦም ዘመድም ነበረበት። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ የታናሹ ዳኛ ቃል ከበላዩ ጥላ ነጻ ሊሆን እንደሚገባውና ፍርድ ያለ ምክንያት ሊነገር እንደማይገባው። በቡዳፔስት የፈረሰው የመጀመሪያው ነው፤ በቶኪዮ የጐደለው ሁለተኛው።

ስለ አድልዎ ሲነሣ ነገሩ ሐሜት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። በስዊስ የኒውሻቴል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሳንድሮ ሃይኒገርና ዩግ መርሲዬ ከ2013 እስከ 2016 የነበሩትን ዓለም አቀፍ የጂምናስቲክ ዳኞች ነጥብ አንድ በአንድ መርምረው ያወጡት ጥናት ግን ሐሜት አይደለም። ዳኞች በጠቅላላው ለሀገራቸው ልጅ ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚሰጡ፣ ከትራምፖሊን በቀር በጂምናስቲክ ዘርፎች ሁሉ ጽኑ ማስረጃ አገኙ፤ መጠኑም ከዘርፍ ዘርፍ፣ ከሀገር ሀገር ይለያያል። ይህ ሁሉ ክፋት ነው ብዬ አላምንም። በልጅነትዋ ያየሃት፣ በቋንቋህ የምትናገር፣ አሠልጣኝዋ አብሮ አደግህ የሆነ ልጅ ምንጣፉ ላይ ስትቆም፣ ኅሊናህ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ዐይንህ ሊያባብላት ይችላል። በብዙ ውድድር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን የራሱን ዳኛ ይዞ እንዲመጣ ስለሚጠየቅ፣ ዳኛዋ የምትመለሰው ወደዚያው ወደ ላካት ቤት ነው። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መጣል አንዲትን አድሎኛ ያርማል፤ የተስማሙ ሁለት ሲሆኑ ግን ያ መድኃኒት አይሠራም።

መፍትሔው መኪና ነው የሚሉም ተነሥተዋል። የጃፓኑ ፉጂትሱ የሠራው፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ እየለካ ማዕዘኑን የሚናገር መሣሪያ በ2019 በሽቱትጋርት በአርቲስቲክ ጂምናስቲክ ዳኝነት ረዳት ሆኖ ገባ፤ በ2023ም በአንትወርፕ አሥሩንም የውድድር ዕቃዎች አዳረሰ። እንዲህ ያለው ዐይን ወደ ሪትሚክ ቢመጣ የእግርን መከፈትና የሽክርክርን ቍጥር በመለካት ታላቅ እርዳታ እንደሚሆን አልጠራጠርም። የስድስት ሜትር ሪባን በአየር ላይ የሚሥለው ሥዕል ከዋሽንቱ ጋር ተስማማ ወይስ አልተስማማም የሚለውን ግን መኪና ይፈርዳል ብዬ አልጠብቅም፤ ቢፈርድም የሚያምነው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከመኪናው ይልቅ ቅርብ የሆነ አርአያ በበረዶ ላይ አለ። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ በጥንድ የበረዶ ሸርተቴ ዳኝነት ላይ ታላቅ ነውር ተገልጦ ለካናዳውያኑ ለሳሌና ለፔልቲዬ ሁለተኛ ወርቅ እንዲሰጥ ግድ በሆነ ጊዜ፣ የዚያ ስፖርት አስተዳዳሪዎች አሮጌውን የነጥብ ሥርዓት ጥለው አዲስ አቆሙ። በመጀመሪያ ዳኞቹን ከግፊት ለማዳን ሲሉ ስማቸውን ከነጥባቸው ለይተው ሰወሩ፤ ይህም ጥርጣሬውን አባሰው እንጂ አላጠፋውም፤ በ2016 መሰወሩን በጉባኤ ሻሩት። ዛሬ አንድ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ሲያልቅ፣ እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክር በስሙ ተጽፎ፣ መነሻ ዋጋው ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የሰጠው ነጥብ በሰንጠረዥ ተሰልፎ ለማንም አንባቢ ይወጣል። ክርክር አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባም። ተከራካሪው ግን ቢያንስ ጣቱን የሚያሳርፍበት መሥመር አለው።

ከቶኪዮ በኋላ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፌዴሬሽኑ ዳኝነቱን መርምሮ አድልዎ አላገኘሁም አለ። የሥነ ምግባሩ አካል ደግሞ ወይዘሮ ቪነር በዳኞቹ ላይ የተናገሩት ከሥርዓት ውጭ ነው ብሎ በ2023 ይፋ በሆነ ውሳኔ ሁለት ዓመት አገዳቸው። ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔም ከላይ ባየነው ሒሳብ መሠረት የአሽራም ወርቅ የሚያስነቅፍ ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን አንዲት ትርኢት ከፍተኛ ነጥብ ያገኘችበት ዝርዝር በዚያው ሌሊት ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ አሸናፊዋ ከስሟ ጋር የተጣበቀ ጥርጣሬ ይዛ ባልሄደች፣ ተሸናፊዋም የተነጠቀች መስሎአት ባላለቀሰች ነበር። በዝርዝሩ መሰወር የተጐዳችው ያሸነፈችው ጭምር ናት።

ዝርዝሩ ቢወጣ ዳኞች ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ይወቀሳሉ፣ ይዛትባቸዋል የሚለው መከራከሪያ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። እውነት ነው፤ ለሀገሩ ልጅ ያላዳላ ዳኛ በሀገሩ ፌዴሬሽን ዘንድ ሞገስ ላያገኝ ይችላል። መልሱ ግን ዳኛውን በጨለማ ማኖር ሳይሆን፣ ደመወዙንና ሹመቱን ከሀገሩ ፌዴሬሽን እጅ አውጥቶ በማዕከል መያዝ ነው፤ በጨለማው የሚጠቀመው ቅኑ ዳኛ ሳይሆን ሌላው ነውና።

ስለዚህ ከሎዛን ለሚያስተዳድሩት የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሹማምንት የሚቀርበው ልመና አጭር ነው። ከ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በፊት፣ በየትርኢቱ የተቈጠረውና የተጣለው ሥራ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ዳኛም በኪነትና በአፈጻጸም የቀነሰው ነጥብ ከነምክንያቱ፣ በስሙ ተጽፎ ውድድሩ ባለቀበት ዕለት ለሕዝብ ይውጣ፤ በኪነትና በአፈጻጸም ነጥብ ላይም ይግባኝ ይፈቀድ፤ የበላይ ዳኞች ጉባኤ ለበታች ዳኞች የሚናገረው ቃል ሁሉ በመዝገብ ይያዝ። የበረዶ ሸርተቴ ማኅበር ዝርዝሩን እንደዚህ እያወጣ ዓመታት ቈጥሮአል፤ ፌዴሬሽኑም አልቻልኩም ሊል አይችልም።